ሽምብራ የመሰከረበት የአያ ገብሩ አደራ

ነገሩ ሲሆን በሐኪም ቤቱ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን። አልጋው ላይ የተኙት አያ ገብሩ ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ግንበኛ። በእግራቸው በኩል አሥር አለቃ ደሳለኝ ተቀምጠዋል፤ ከጦር ሠራዊት የተመለሱ ጎረቤታቸው። በራስጌያቸው የነፍስ አባታቸው መምሬ ላቀው። በሩ አጠገብ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ጠላ ሻጯ እትዬ ታደለች። ነርሷ ሲስተር ዘነቡ እንደ ልማዷ ቆማ ነበር። ስድስተኛው እኔ ሙሉ ነኝ። ሰቆጣ ውስጥ ሰዓትና ሬዲዮ እጠግናለሁ፤ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር።

ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። እየፈታሁ እየገጠምኩ ለመድኩት። ሰዓት የሚፈታ ሰው እያንዳንዷ ብሎን ከየት እንደወጣች ካልያዘ መልሶ አይገጥምም። ስለዚህ ዝርዝር ባበዛ ታገሡኝ።

ጊዜው በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ የፍልሰታ ጾም ሲሆን፣ ዝናቡ ሰቆጣን ጭቃ አድርጓት ነበር። ከአእምሮዬ ያልጠፋው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ አራት ጨዋ ሰዎች በጨዋነታችን አንድ ሽማግሌ ልንገድል ምንም አልቀረንም። ሁለተኛ፣ ሐኪም ቤት ውስጥ ያን ያህል ስቄ አላውቅም።

አያ ገብሩ የፃግብጂ ተወላጅ ናቸው። በጎልማሳነታቸው ሰቆጣ ገብተው ከከተማው የድንጋይ ቤቶች ብዙዎቹን ሠርተዋል። በመንገድ ሲያልፉ መጀመሪያ ግድግዳውን አይተው፣ ከዚያ ነው ባለቤቱን ሰላም የሚሉት። አንድ ጊዜ ከመወጣጫ ላይ ወድቀው ወገባቸው ተጎዳ። ጡንቻውን እንድታፍታታ ተብላ አንዲት ትንሽ ቢጫ ክኒን ታዘዘችላቸው። ወገባቸው ዳነ፤ ክኒኗ ግን አብራቸው ቀረች። ባለቤታቸው ሲሞቱ፣ ሴት ልጃቸው ዓረብ አገር ስትሄድ፣ ወንዱም ሁመራ ወርዶ ሲቀር ክኒኗ እየበዛች ሄደች። ያለ እሷ እንቅልፍ የለም። ያለ እሷ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ወልዲያ የሚመላለስ አንድ ሹፌር ያመጣላቸው ነበር።

ሱስ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። እኛ ዘንድ ሱስ የሚባለው የጎረምሳው ነው። የሽማግሌ ሲሆን "መድኃኒት አላቸው" ተብሎ ይታለፋል።

እኔ ዘንድ የመጡት ከዚያ ክረምት ሁለት ዓመት ቀደም ብለው ነው። ሱቄ ገቡ፣ ደንበኛው እስኪወጣ ጠበቁ፣ ከዚያ ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጡ።

"ሙሉ፣ አንተ ዝምተኛ ልጅ ነህ።"

"አዎ፣ አያ።"

"በቀደም አብዝቼ ውጬ አንድ ቀን ተኩል ተኛሁ። ሐኪሙ፣ የታመነ ሰው ይያዝልህና በቀን አንድ ይስጥህ አለኝ። በዚህ ከተማ የታመነ ሰው ማን አለ ብዬ ሳወጣ ሳወርድ፣ አንተን ብቻ አገኘሁ።"

እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ተብዬ አላውቅም። ደረቴ ሰፋ።

"በቀን አንዲት ናት። ብለምንህም፣ ብቆጣህም፣ ባለቅስብህም ሁለተኛ እንዳትሰጠኝ። ደግሞ ይህ ነገር ከአፍህ እንዳይወጣ። በስተርጅና ስሜን ሰው እንዲያነሣው አልፈልግም። በገብርኤል ማልልኝ።"

ማልኩ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጠዋት አራት ሰዓት ይመጣሉ። አራት ሰዓት ስል ልክ አራት ሰዓት ነው፤ የጠገንኩትን ሰዓት በእሳቸው መምጣት የማስተካክልበት ጊዜ ነበር። ክኒኗን በሻይ ይውጣሉ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ይቀመጣሉ፣ የሱቄን ግድግዳ ይነቅፋሉ፣ ይሄዳሉ። ሁለተኛ ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔም በጥብቅነቴ እኮራ ነበር። ሽማግሌውን በቀን በአንዲት ክኒን ገርቼ የያዝኳቸው እኔ ነኝ እያልኩ።

በዚያ ፍልሰታ ሳንባ ምች ያዛቸውና በቃሬዛ ተሸክመን ሐኪም ቤት አስገባናቸው። መርፌ ተጀመረላቸው። ትኩሳታቸው በሁለተኛው ቀን ጋብ አለ።

የእኔ ጭንቀት ሌላ ነበር። ክኒኗ በወረቀት ተጠቅልላ ኪሴ ውስጥ ናት። ሰው ሳያይ ልሰጣቸው እፈልጋለሁ። ብቻቸውን ግን የሚገኙ አልሆኑም። አሥር አለቃ ደሳለኝ በእግራቸው በኩል ተተክለዋል። መምሬ ላቀው ዳዊት ይደግማሉ፤ ሲጨርሱ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። እትዬ ታደለች የሽምብራ ቆሎ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው በጠዋት ይመጣሉ፤ እስኪመሽ አይነቃነቁም።

"አሥር አለቃ፣ ወጣ ብለው አየር ቢወስዱስ?" ይላሉ እትዬ ታደለች።

"በዚህ ዝናብ ምን አየር አለ? ይልቅ እርስዎ ይሂዱ፤ ጠላዎ ይሆመጥጣል።"

"ጠላዬ ከሰው ይበልጣል?"

"መምሬስ? ቅዳሴ አይደርስብዎትም?"

"ደብሩ ቄስ አላጣም" ይላሉ መምሬ፣ ዓይናቸውን ከዳዊቱ ሳያነሡ።

ከዚያ ሦስቱም አንድ ላይ ወደ እኔ ይዞራሉ። "ሙሉ፣ አንተ ሱቅ አትከፍትም እንዴ?"

"በክረምት ሰዓት የሚያሠራ የለም" እላለሁ።

እንዲህ ስንገፋፋ ሦስት ቀን አለፈ። እንዴት ያለ ፍቅር ነው እያልኩ በሆዴ እገረም ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አያ ገብሩ ተለወጡ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ላቡ ጋቢውን አልፎ አንሶላው ደርሷል። ዓይናቸው ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ተተክሎ፣ በኽምጣኛ ጮክ ብለው መናገር ጀመሩ። ሲስተር ዘነቡ የደሴ ልጅ ስለሆነች ቋንቋውን አታውቅም።

"ምን እያሉ ነው?" አለች።

"ግድግዳውን እየተቆጡት ነው" አሉ እትዬ ታደለች።

"ግድግዳውን?"

"'ማነው ይህን የገነባው? ወደ ወልዲያ አጋድሏል! ቱንቢውን አምጡልኝ!' እያሉ ነው።"

አሥር አለቃ ዞረው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች መረመሩ። "እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ አጋድሏል" አሉ።

ሳቅ አመለጠን። ወዲያው ግን አያ ገብሩ ግድግዳውን ሊያፈርሱ ከአልጋቸው ተነሡ። የግሉኮሱ መርፌ ከክንዳቸው ተነቅሎ ደሙ አንሶላው ላይ ተረጨ። ለአራት ይዘን መለስናቸው። ያ ቀጭን ሽማግሌ ለአራታችን ከበደን። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

"ወባ ነው" አሉ አሥር አለቃ። "ግንባር ላይ ሰው እንዲህ ሲቃዥ አውቃለሁ።"

"የሰው ዓይን ነው" አሉ እትዬ ታደለች።

"ጠበል ቢረጩ ጥሩ ነበር" አሉ መምሬ።

ሲስተር ዘነቡ ደሙን እየጠረገች ሁሉንም ሰማች። "ትኩሳታቸው ወርዷል፤ የወባ ምርመራውም ነጻ ነው" አለች። "ይህ የለመደውን ነገር በድንገት ያቆመ ሰው ምልክት ነው። አባባ አረቄ ይጠጣሉ?"

"ኧረ ምን ሲደረግ!" አሉ እትዬ ታደለች። "እኔ ቤት አንዲት ጣሳ ጠላ ናት፤ እሷንም ተጫውተው ሲሄዱ ግማሿን ይተዋታል።"

"ክኒንስ? የእንቅልፍ ክኒን ይወስዱ ነበር?"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እኔ ወለሉን አየሁ። አሥር አለቃ የጫማቸውን ማሰሪያ ፈትተው እንደገና አሰሩ። መምሬ መስቀላቸውን ሳሙ። እትዬ ታደለች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉ።

ሲስተር ዘነቡ በየተራ አየችን። "ስሙኝ። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ክኒን በድንገት ማቆም ይገድላል። ሐኪሙ መልሶ ጀምሮላቸው በቀስታ ሊያስተዋቸው ይችላል። ግን በቀን ስንት እንደለመዱ ማወቅ አለበት። ካሳነሰ እንደሚጥል በሽታ ይጥላቸዋል። ካበዛ በዚህ የታመመ ሳንባ ትንፋሻቸው ይቆማል። ሐኪሙን ልጥራው፤ ስመለስ ቁጥሩን እፈልጋለሁ።" ወጣች።

አያ ገብሩ ጣራውን እያዩ ይንቀጠቀጣሉ። አሥር አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"መምሬ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ለሌላ ሰው ነው።"

"ጠይቅ።"

"አንድ ሰው በገብርኤል ምሎ አደራ ተቀበለ እንበል። ከአፌ አይወጣም ብሎ። የሰው ነፍስ ቢመጣበትና ቢናገር ኃጢአት ይሆንበታል?"

የመምሬ ግንባር ላይ ላብ ወጣ። "ለምን ጠየቅኸኝ?"

"ለሌላ ሰው ነው አልኩ እኮ።"

"እኔም ለሌላ ሰው ልጠይቅ ነበር" አሉ እትዬ ታደለች ፈጠን ብለው። "ያንኑ ነው።"

"እንግዲያው መሐላውን ይፍቱለት፣ መምሬ" አሉ አሥር አለቃ። "ለዚያ ለሌላው ሰው።"

"ይፍቱ ይለኛል እንዴ! ራሱ የታሰረ ሰው ማንን ይፈታል?" አሉ መምሬ። ያሉት የገባቸው ካሉ በኋላ ነው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አራታችንም አንድ ዓይነት ቋጠሮ ተቀብለናል። አራታችንም ምለናል። ሦስት ቀን ሙሉ ከዚህ ክፍል አልወጣም ያልነው እያንዳንዳችን ኪሳችን ውስጥ አንዲት ክኒን ይዘን ነው። መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም። ብናገረው ያሳፍራል፤ ቅናት ነው። በከተማው የታመንኩት ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ እኮ።

አያ ገብሩ ሲቃትቱ ቅናቱ ጠፋ። ቁጥሩ ዛሬ ካልተገኘ እኒህ ሰው ይሞታሉ። እኔ በሰው ፊት ብዙ አልናገርም፤ ያን ቀን ግን ተናገርኩ።

"መሐላው ከአፍ እንዳይወጣ ነው አይደል?"

ማንም አዎ አላለም። ማንም አይደለም አላለም።

"እትዬ፣ ያን ሽምብራ ያምጡልኝ። አሥር አለቃ፣ ባርኔጣዎን።"

ለያንዳንዳቸው አንድ አንድ እፍኝ ሽምብራ ሰጠሁ። ባርኔጣውን ወንበር ላይ ገለበጥኩት። ሁላችንም ፊታችንን ወደ ግድግዳው እናዙር፤ በየተራ ሄደን እጃችንን ባርኔጣው ውስጥ እናስገባ፤ በቀን ስንት ክኒን እንደሚሰጥ የሚያውቅ ሰው በዚያው ልክ ሽምብራ ይጣል፤ የማያውቅ ባዶ እጁን አስገብቶ ያውጣ፤ ማንም አይናገር፣ ማንም አይይ አልኩ።

ሁላችንም መምሬን አየን። ብዙ አሰቡ።

"ሽምብራው አልማለም" አሉ በመጨረሻ። መጀመሪያ የሄዱትም እሳቸው ናቸው።

አያ ገብሩ የሰደቡትን ግድግዳ እያየን ተሰለፍን። ጆሮዬ የሰዓት ድምፅ የለመደ ነው፤ የሚወድቀውን ሽምብራ በጆሮ መቁጠር እችል ነበር። ቆርቆሮው ላይ ያለው ዝናብ ግን አላስቻለኝም። ከመካከላችን የማኘክ ድምፅ ተሰማ።

"ማነው የሚበላው?" አሉ አሥር አለቃ በሹክሹክታ።

"የተረፈኝን ነው" አሉ እትዬ ታደለች። "ምን ላድርገው?"

የመጨረሻው ተረኛ እኔ ነበርኩ። አንዲት ጥዬ ወደ ቦታዬ ስመለስ በሩ ተከፈተ። ሲስተር ዘነቡ አራት ሰዎች ከግድግዳ ጋር ተፋጠው አየች።

"ምን ሆናችኋል? እናንተም ጀመራችሁ?"

ምንም ሳልናገር ባርኔጣውን ሰጠኋት። የመርፌ ማስቀመጫው ሳህን ላይ ገለበጠችው። ሽምብራውን አየች፣ እኛን አየች፣ እንደገና ሽምብራውን አየች። ብልህ ልጅ ናት።

"በቀን?" አለች።

"እኛ ምንም አልተናገርንም" አሉ አሥር አለቃ።

በጣቷ እየገፋች ቆጠረች። "ሰባት!"

"ሰባት?" መምሬ ጮኹ። "እንዴት ሆኖ! እኔ እኮ አን..."

"መምሬ! አፍዎን!" አሉ እትዬ ታደለች።

መጀመሪያ የሳቁት አሥር አለቃ ናቸው። ከዚያ እኔ ሳቅሁ፤ ቆሜ መሳቅ አቅቶኝ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። መምሬ በዳዊታቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እትዬ ታደለች እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ "በቀን አንዲት አሉኝ እኮ! ባለቅስብሽም አሉኝ እኮ!" ይላሉ፤ አደራው በሳቅ መካከል ሲያመልጥ ማንም አልቆጠረባቸውም። ሲስተር ዘነቡ ሳህኑን እንደያዘች እየሳቀች ወደ ሐኪሙ ሮጠች።

ሐኪሙ ቁጥሩን ይዞ መጥኖ አዘዘ። ሲስተር ሰዓት በሰዓት ትንፋሻቸውን ትቆጥር ነበር። ከሰዓት በኋላ እጃቸው ረጋ። ማግስቱን ጠዋት ዓይናቸውን ገለጡ፤ አራታችንም ዙሪያቸውን ከበናል። መጀመሪያ ያሉት "ማነው የተናገረው?" ነው።

"ማንም አልተናገረም፣ አያ" አልን በአንድ ድምፅ።

አንድ በአንድ አዩን። አራታችን በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጊዜ፣ አንድ ዓይነት መልስ ስንሰጥ ነገሩ ገባቸው። ጋቢያቸውን እስከ ራሳቸው ሳቡት። ጋቢው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደንግጠን ሲስተርን ልንጠራ ስንል፣ ከሥር ድምፅ ሰማን። እየሳቁ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ሲስተር ዘነቡ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ክኒኑ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ እንደሚቀነስ አስረዳቻቸው። "ከእንግዲህ ግን የሚይዝልዎት አንድ ሰው ብቻ ነው" አለች።

ፊታቸው ጠቆረ። "አንድ ሰው?"

"አዎ፣ አባባ። አራት ቦታ ሲሆን ይህ መጣ።"

"ታዲያ ሌሎቹ ጋ ምን ብዬ ልሂድ?"

አያ ገብሩ እጃቸውን እያዩ ቀጠሉ።

"ጠዋት ሙሉ ጋ ነኝ። ከዚያ መምሬ ጋ። ከምሳ በኋላ አሥር አለቃ ጋ። ወደ ማታ ታደለች ጋ። ቤቴ ድንጋይ ብቻ ነው። ሽማግሌ በየቀኑ ባዶውን ደጅ ሲቆም ሰው ምን ፈልጎ ነው ይላል። ክኒን ግን ጉዳይ ነው። ጉዳይ ያለው ሰው አይታፈርበትም።"

አሥር አለቃ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሲስተር ዘነቡ አንድ ሐሳብ አመጣች። ክኒኑ ሁሉ እሷ ዘንድ ይሆናል፤ ለየቤቱ በልክ እየከፈለች ትሰጠናለች። ቅነሳው አንዱን ደጅ ጨርሶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ክኒኑ ያለቀበት ቤት ግን ለአያ ገብሩ ሌላ ጉዳይ የመፈለግ ግዴታ አለበት።

መጀመሪያ ያለቀው የአሥር አለቃ ነው። ገበጣ አወጡ፤ ከዚያ ወዲህ አያ ገብሩን አሸንፈው እንደማያውቁ ሰፈሩ ሁሉ ይናገራል። መምሬ ላቀው የደብሩን አጥር ካብ አስጎበኟቸው፤ መጎብኘቱ ሦስት ወር ፈጀ። እትዬ ታደለች ሞቅ ያለውን ጠጪ መክረው እንዲሸኙላቸው አደረጉ። የእኔ በጥር አለቀ። ያን ቀን ጠዋት ይመጡ ይሆን እያልኩ ሰዓት መፍታት አቃተኝ። መጡ። ሻይ አዘዝኩ፣ መቀመጫ ዱካ አቀረብኩ፣ "አያ፣ ይህን ግድግዳ እናፍርሰውና ያስተምሩኝ" አልኩ። ክኒኗ እያለች አሥር ደቂቃ የሚቀመጡት ሰውዬ እስከ ምሳ አልሄዱ አሉ። በዱካው ላይ ሆነው በከዘራቸው እየጠቆሙ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ አስፈረሱኝ። ሥራ አስፈቱኝ ማለት ይቻላል።

ከሰባቱ የቀረችውን ሲስተር ራሷ ትሰጣቸው ነበር፤ እሷም በፋሲካ ግማሽ ክኒን ደረሰች። ያችን ግማሽ ሲስተር ዘነቡ ተወችላቸው፤ በዚህ ዕድሜ ይህን ያህል ከወረደ ይበቃል አለች። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ።

ዛሬ ሳስበው ሳቁ አሁንም ይመጣብኛል፤ ሐፍረቱም አብሮ ይመጣል። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ፣ ከእኔ ሱቅ ወጥተው ወዴት እንደሚሄዱ ጠይቄያቸው አላውቅም። አሁን ስለ አንድ አዛውንት "መድኃኒት አላቸው" ሲባል ከሰማሁ ስንት እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ከማን ጋር እንደሚውሉም እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ሰው ነገረኛ ይለኛል።

አያ ገብሩና መምሬ ላቀው ዐርፈዋል። እትዬ ታደለች ወልዲያ ልጃቸው ዘንድ ናቸው። አሥር አለቃ አምደወርቅ ገብተዋል። ሲስተር ዘነቡ ተዛውራለች፤ የት እንዳለች አላውቅም። ይህ ጽሑፍ ከእጃችሁ ከደረሰ የጎደለውን ሙሉልኝ። ባርኔጣው አመድማ ነበር ወይስ ቡናማ? መምሬ በዳዊቱ ፊታቸውን ሲሸፍኑ የትኛው መዝሙር ላይ ነበሩ? እትዬ ታደለች፣ አያ ለግድግዳው ያሉትን ሁሉ ተርጉመው ነበር ወይስ ስድቡን ዘለሉት? ሲስተር፣ ሽምብራውን የት አደረግሽው?

ከአራታችን ከአንድ በላይ ሽምብራ የጣለው ማን እንደሆነ ግን አትጻፉልኝ። እሱ አደራ ነው።